በጀቱ በእጥፍ አድጎ ወረቀት ለምን በፍሬ ይታደለናል?

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንልኝም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ አላድር አለኝ።

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በጀት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙ ይቆይ። ባለፈው ሰኞ ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ሁለት ደስታ (እሽግ) ወረቀት ልጠይቅ ንብረት ክፍል ወረድኩ። የንብረት ክፍሏ እህታችን ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አንድ ደስታ ቀደደችና ጣቷን ምራቅ እያስነካች ትቆጥር ጀመር። መቶ የሚሆን ወረቀት ሰጠችኝ። ሞዴል 22 የሚባለውን የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ዘረጋችልኝ፣ ሳላይ ፈርሜ ወጣሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ ወረቀት በፍሬ ሲታደል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቶነሩንማ ተዉት፤ እያወጣን እየነቀነቅን ነው የምናትመው።

ማታ ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት የምክር ቤት ውሎ ይተላለፋል። ወሬው ስለ በጀት አፈጻጸም ነው። የሚጠራው ቁጥር ሁሉ ትሪሊዮን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ያ መቶ ወረቀት አለ።

እስኪ ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። የ2016 የፌዴራል በጀት 801.65 ቢሊዮን ብር ነበር። የ2017 ደግሞ 971.2 ቢሊዮን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ኅዳር 2017 ላይ ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ከዚያ የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ሆኖ ሰኔ ላይ ጸደቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ። ቅነሳ የሚል ርዕስ ያለው ሰነድ ግን እኔ አላየሁም።

የእኔ አቋም ግን በጀቱ ተቆርጧል ነው። 971.2 ቢሊዮኑ ሲጸድቅ ባንክ ቤት ዶላር 57 ብር ነበር፤ ሲካፈል 17 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። 1.93 ትሪሊዮኑ ሲጸድቅ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆኗል፤ 15 ቢሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። እና ምክር ቤቱ እጁን ያወጣው ላደገ በጀት ነው ወይስ ለተቆረጠ? እስኪ የገባችሁ አስረዱኝ።

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ክሩ፣ ማለት ከጽሑፌ ሥር የተደረደረው ውይይት፣ ተንጫጭቷል። አሁን 34 መልስ ደርሷል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሁሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለማይችል በየቁጥሩ እተርከዋለሁ። የሰው ቃል እንዳለ መገልበጥ ስለማልወድ በራሴ አነጋገር ነው። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

መልስ 1። ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ተቀበለኝ። በመንግሥት ሆስፒታል ግዢ ክፍል እንደሚሠራና ነገሩን እጁ ላይ እንዳየው ጻፈ። ድሮ ፕሮፎርማ ሲሰበስቡ ዋጋው ለሠላሳ ቀን ይጸና ነበር። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ግን አንዳንድ አቅራቢ ለ24 ሰዓት ብቻ እያለ ይጽፍበት ጀመር። ለላብራቶሪ የሚሆን ኬሚካል ለመግዛት ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ተፈራርሞ እስኪጨርስ ዋጋው ሁለቴ ተቀይሮ እንደጠበቃቸው አጫወተን። በእሱ አስተያየት ብሩ ጨምሯል፣ የገዙት ዕቃ ግን አንሷል።

መልስ 2። ተማሪ ይመስለኛል። ጥያቄው የዋህ ነው፤ መንግሥት ጨመርኩ ካለ እናንተ በምን ሒሳብ ተቆረጠ ትላላችሁ ነው ነገሩ። መልስ 3 አምስት እንጀራ ይገዛ በነበረ ብር ሁለት እንጀራ መግዛት ማለት እንደሆነ አስረዳው። ተማሪው አመስግኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ይብዛልን።

መልስ 4። እዚህ ጋ ነው እኔ የተመታሁት። ኢኮኖሚክስ ያስተማረ ወይም የተማረ ሰው ነው። በዶላር ማካፈሌ አሳሳች እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ነገረኝ። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት 57 ብር የባንክ ቤት ዋጋ ነበር እንጂ ጥቁር ገበያው ላይ ዶላር ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። በዚያ ከተሰላ 971 ቢሊዮኑም 9 ቢሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር። ስለዚህ እኔ የቆጠርኩት 17 ቢሊዮን መጀመሪያውኑ ያልነበረ ገንዘብ ነው፤ ያልነበረ ነገር ደግሞ አይቆረጥም። የመምህር ደመወዝ በብር እንጂ በዶላር እንደማይከፈልም አስታወሰኝ።

መልስ 5 የራሴ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ዋጥኩት። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። ነጋዴው በጥቁር ገበያ ይግዛ እንጂ መንግሥት መድኃኒትና ማዳበሪያ ሲያስመጣ የሚገዛው በ57 ብሩ ነበር። ለመንግሥት ካዝና 57 የነበረው እውነተኛ ዋጋ ነው። በ130 ሲገዛ ያ ልዩነት ከየትም አይመጣም፣ ከበጀቱ ነው የሚወጣው።

መልስ 4 ተመልሶ በ6 ይህን ተቀበለ። ሆኖም በጀት ማነጻጸር ያለብን በዋጋ ንረት እንደሆነ አጥብቆ ጻፈ። በ2014 ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ስለነበር ያኔ የነበረው የበጀት ዕድገትም ባብዛኛው ንረት መከተል እንደሆነ አሳየ። እዚህ ላይ ተጨባበጥን።

መልስ 7። በእኔ አስተያየት የክሩ ቁም ነገር እዚህ ነው። ጸሐፊው በክልል ፋይናንስ ቢሮ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ስለ ዶላር የምንጨቃጨቀውን ትታችሁ ክፍፍሉን እዩ ብሎ ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን አስቀመጠው። በ2017 መጀመሪያ ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ውስጥ መደበኛ ወጪ 451 ቢሊዮን ነበር፣ ካፒታል ማለትም የግንባታና የልማት ወጪ 283፣ ለክልሎች የሚሄደው ድጎማ 222 ተኩል ያህል፣ ለዘላቂ ልማት ግቦች 14። በ2018 ደግሞ መደበኛው ወደ 1.2 ትሪሊዮን ተጠጋ፣ ካፒታል 415፣ ድጎማ 314 ቢሊዮን ያህል፣ የዘላቂ ልማቱ እዚያው 14 ላይ ቆመ። ከዚያ በመቶኛ አስልቶ አመጣው። ካፒታል ከ29 በመቶ ወደ 21 ተኩል ወርዷል። የክልል ድጎማ ከ23 ወደ 16። መደበኛ ወጪ ከ46 ወደ 61 ወጥቷል።

በእሱ እምነት ቅነሳ ማለት ይሄ ነው። ማንም ሰው የክልሎችን ድርሻ እንቀንስ ብሎ ሐሳብ አላቀረበም። ብሩ ስላደገ ክልሉም አመስግኖ ተቀበለ። የ14 ቢሊዮኑ ነገር ደግሞ በጣም አስቆጭቶታል። ሲሚንቶና ብረት እንዲህ ሆኖ ያቺ መስመር ንቅንቅ አላለችም። በዚያ ገንዘብ ድሮ ስንት ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጽፈው፣ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። እኔ ቁጥሮቹን ሁሉ በየዓመቱ አያቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

መልስ 8 መደበኛ ወጪው ለምን እንዲህ እንዳበጠ ጠየቀ። መልስ 9 ሦስት ነገር ጠራ። አንደኛ ዕዳ፦ የውጭ ዕዳ የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ምንዛሪው ሲጨምር በብር የሚያዝለት በጀት አብሮ ይዘላል። ሁለተኛ የደመወዝ ጭማሪ። ሦስተኛ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማ። መልስ 10 ወደ ዕዳው ገባና ታኅሣሥ 2016 ላይ አገሪቱ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ማለፏን አነሳ። ከዚያ ስለ አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር፣ ስለ ዓለም ባንክ፣ ስለ ቻይና፣ መጨረሻ ላይ ስለ አድዋ ሁሉ ጻፈ። ረጅም ነው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

መልስ 11። ምክር ቤቱ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሰው ናቸው፤ አጻጻፋቸው ስለከበደኝ እኔም አንቱ ብያቸዋለሁ። ሥርዓቱን ከሥሩ ተረኩልን። የገንዘብ ሚኒስቴር ለየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጥሪና ጣሪያ፣ ማለት ከዚህ በላይ አትጠይቁ የሚል ወሰን፣ ይልካል። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን ይዞ ስሚ በሚባለው የበጀት መከራከሪያ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ ይከራከራል፣ ይቆረጥለታል። ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አይቶ ወደ ተወካዮች ይመራዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 ማዘጋጀቱን ለሚኒስትሮች፣ አንቀጽ 55 ማጽደቁን ለተወካዮች እንደሚሰጥም ጠቀሱ። ሰነዱ ምክር ቤት የሚደርሰው ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ይጀምራል። በመካከል ያለው የሳምንታት ጊዜ ነው፤ ያን ሁሉ ገጽ ቋሚ ኮሚቴው የሚያየው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

እሳቸው በነበሩበት ጊዜ ኮሚቴው ጠንከር ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ሚኒስትር ሲያስጨንቅም አይተዋል። መንገዱ ለምን ዘገየ፣ ማዳበሪያው የት ገባ ይባላል። ድምሩ ሲቀየር ግን አላዩም። የሚከራከረው አባል የሚከራከረው የራሱ ምርጫ ክልል መንገድ ስለቀረ ነው፤ ያኛው አባል መንገድ ተቆርጦ ለዚህኛው ይሰጥ የሚል የለም። ክርክሩ ሁሉ ጭማሪ ጥያቄ ነው። እና ቅነሳ ክርክር ሆኖ እንዳይመጣ ይህ ራሱ እንዳደረገው ታዘቡ።

መልስ 12። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ይህኛው ለሽማግሌው አክብሮት አላሳየም። ምክር ቤቱ እጅ ማውጫ እንደሆነ፣ 547 ወንበር ውስጥ የተቃዋሚው ድምጽ በጣት የሚቆጠር እንደሆነ፣ ስለዚህ ስለ ኮሚቴና ስለ ስሚ ማውራት ሰውን ማደንዘዝ እንደሆነ በሦስት መስመር ጻፈ። ቃሉ ስለታም ነበር። መልስ 13 ደግሞ ያንን ሰው ቀንና ሌሊት ማማረር ሥራው ነው ብሎ ዘለፈው። ከተቃዋሚዎቹም ቢሆን አማራጭ በጀት ይዞ የቀረበ አለማየቱን ጨመረ። መልስ 14 አማራጭ በጀት ለማዘጋጀት ባለሙያና መረጃ እንደሚያስፈልግ፣ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት አባላት ያን ማድረግ እንደማይችሉ መለሰለት። ይቺ መልስ ቁጡ ብትሆንም ትክክል ናት። አወያዩ በ15 ገብቶ ስድብ ካላቆማችሁ ክሩን እዘጋለሁ አለ።

መልስ 16። ይህቺን ደጋግሜ አነበብኳት። አንዲት ወረዳ ውስጥ የምታስተምር መምህርት ናት፤ የቱ ወረዳ እንደሆነ አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። መልስ 7 ላይ ያለውን የድጎማ መቶኛ እሷ ክፍል ውስጥ እንደምታየው ጻፈች። ወረዳው የሚደርሰው ብር ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው መስመር ወረቀት ላይ አለ፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ቀርቷል። ጠመኔ ከኪሷ ትገዛለች። ፈተና ሰሌዳ ላይ ጽፋ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ እየገለበጡ ይሠራሉ፤ ኋላ የተቀመጡት ስለማይታያቸው በሁለት ዙር ታስገባቸዋለች። አንድ ዙር ሲፈተን ሌላው ውጭ ጥላ ሥር ይጠብቃል። የወጣው ለገባው ጥያቄውን እንዳይነግር ሁለት ዓይነት ፈተና ታወጣለች። እኔ መቶ ወረቀት ተሰጠኝ ብዬ ክር ስለከፈትኩ ቅናት እንደያዛት በቀልድ ዘጋችው። ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

መልስ 17 ለመምህርቷ አይዞሽ እህቴ አላት። መልስ 18 ግን ደመወዝ ስለጨመረ ማማረር ይብቃ የሚል ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 መግባቱን ቆጠረ። ከግብር ነጻ የሆነው ገቢም ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ማለቱን አስታወሰ። መልስ 19 የቤት ኪራይዋን፣ የዘይቱንና የታክሲውን ዋጋ ደርድራ በዚያው ስሌት መለሰችለት። ቤንዚን በ2017 አጋማሽ 101 ብር መግባቱን፣ ድጎማው እየተነሳ መሄዱን፣ ይህም ራሱ የበጀት ቅነሳ እንደሆነ ጻፈች። ነጥቧ ይገባኛል፤ መንግሥት ለነዳጅ የሚከፍለውን ሲተው ያ ወጪ ሕዝቡ ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በጀት ሰነዱ ላይ ቁጠባ ይባላል። ታክሲ ውስጥ ታሪፍ ጨመረ ይባላል።

መልስ 20። አባት ናቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በ1977ቱ ድርቅ የወር ደመወዛቸው ለተጎጂዎች እንደተቆረጠና ማንም አስተያየት እንዳልጠየቃቸው አጫወቱን። ያኔ የሚከራከር ሸንጎ እንኳ እንዳልነበረ፣ ብሔራዊ ሸንጎው የመጣው 1980 ላይ እንደሆነ አስታወሱ። በኋላም የግድብ ቦንድ ሲቆረጥባቸው ግን ደስ እያላቸው ነው የከፈሉት፤ ጳጉሜ 2017 ላይ ሲመረቅ አልቅሰዋል። ከርዕሱ ቢወጡም ማንም አላቋረጣቸውም።

ከ21 እስከ 25 ክሩ ባሕር ተሻገረ። መልስ 21 ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያ ይሠራል። ኮንግረሱ በበጀት ሳይስማማ ቀርቶ መንግሥት ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 43 ቀን ሲዘጋ ሠራተኛው ስላልመጣ መኪናም አልመጣም። ቋሚ ሠራተኞቹ ሲከፈት የኋላ ደመወዛቸውን አገኙ፤ እሱ በኮንትራክተር ሥር ስለሆነ አላገኘም። ክርክር ናፈቀን ለምትሉ ክርክሩም ሲበዛ ኪስ ይነካል የሚል ነው መልእክቱ። መልስ 22 ከእስራኤል ጻፈች። እዚያ በጀት እስከ ማርች 31 ካልጸደቀ ክኔሴቱ ማለትም ፓርላማቸው በሕግ ራሱ ይበተናል፤ ዲሴምበር 2020 ላይ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ተበትኖ ሕዝቡ እንደገና ወደ ምርጫ ሄዷል። የእሷ ምክር ቤት አባላት በጀት የሚያነቡት ወንበራቸው ስለሚነካ እንደሆነ ታምናለች። መልስ 23 ኬንያን አመጣ፤ ጁን 2024 ላይ የፋይናንስ ሕጉን ተቃውመው ወጣቶች ፓርላማው ውስጥ ገቡ፣ ሰዎች ሞቱ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ። እዚህ ስለመደገምና አለመደገም ማውራት ሲጀምር አወያዩ ገሚሱን አጠፋው።

መልስ 24 ዳያስፖራ ሁሉ ውጭ ሆኖ ምክር ከሚሰጥ መጥቶ ግብር ይክፈል አለ። መልስ 25 ማለትም ያ የመኪና ማቆሚያው ሰው ተናደደ። በ43ቱ ቀን ውስጥ እንኳ ለእናቱ መድኃኒት መላኩን አላቆመም። ከዚህ በላይ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 26 ኮሪደር ልማቱን አነሳ። ወረቀት ጠፋ እየተባለ አስፋልት ዳር ዘንባባ ለምን ይተከላል ነው ነገሩ። መልስ 27 የአዲስ አበባ በጀት ሌላ መሆኑን፣ የከተማው ምክር ቤት ለብቻው እንደሚያጸድቀው፣ እሱም ከ230 ቢሊዮን ወደ 350 ቢሊዮን ብር መግባቱን አስረዳ። የፌዴራል ሠራተኛ ወረቀት ከዚያ አይመጣም። መልስ 28 መከላከያን አመጣ፤ በ2015 በጀት 84 ቢሊዮን ብር እንደተያዘለት ጠቅሶ ሰላም ቢኖር ስንት ይቆረጥ ነበር ሲል ጠየቀ። ከሥሩ የነበሩት ሁለት ምላሾች ተሰርዘዋል፤ ምን እንደነበረባቸው አላየሁም። ባላይም ይሻላል።

መልስ 29። የጤና ባለሙያ ነው። ቅነሳ የሚባለውን ነገር በደብዳቤ የተቀበለ ሰው ነው። በ2017 አጋማሽ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ደመወዛቸው ከዚያ ይከፈል የነበረ 5,000 የሚሆኑ የኮንትራት ጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። እሱ አንዱ ነበር። ደብዳቤው አራት መስመር ነበረች። በየትኛውም ምክር ቤት የእሱ ሥራ ድምጽ እንዳልተሰጠበት፣ ዋሽንግተን ላይ አንድ ሰው ፈርሞ እሱ ጋ እንደደረሰ ጻፈ። አሁን መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ለዚህ መልስ ማንም ምንም አልመለሰም። ክሩ ግማሽ ቀን ዝም አለ።

መልስ 30 ዝምታውን የሰበረው በእኔ ላይ ነው። የበጀት ሰው ከሆንክ ሰኔ ላይ ምን ስትገዙ እንደነበር ንገረን የሚል ነበር። ወረቀት በጥር የሚጠፋበት ቢሮ ሰኔ ላይ ለምን ወንበር እንደሚገዛ ጠየቀኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። ግን መልስ 31 ላይ ጻፍኩት። ሰኔ ላይ 40 ወንበር ገዝተናል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያኔ የካፒታል ዕቃው መስመር ላይ ብር ተርፎ ነበር፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ደግሞ ይመለሳል። ተመላሽ ያለው መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ስሚ ላይ አልፈለጋችሁትም ይባላል፣ ጣሪያውም ይወርዳል። ወደ 6212 ማለትም እንደ ወረቀት ላለ አላቂ የቢሮ ዕቃ ወደተያዘው የበጀት መስመር ለማዛወር ደግሞ ደብዳቤ፣ ማብራሪያ፣ ፊርማ፣ መልስ መጠበቅ። አሥር ቀን ቀርቶናል። ስለዚህ ወንበር ገዛን። ወንበሮቹ አሁንም ፕላስቲካቸው ሳይቀደድ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። ወረቀት ልቀበል ንብረት ክፍል ስወርድ በእነሱ መሐል በጎን ሆኜ ነው ያለፍኩት።

መልስ 32 ሌባ አለኝ። በቀጥታ። ግልጽ ሌብነት ባይሆንም ከሌብነት የማይሻል እንደሆነ፣ ምክር ቤቱን ከመክሰስህ በፊት ራስህን ክሰስ የሚል ነው ሲጠቃለል። መልስ 33 ያ የክልሉ ፋይናንስ ሰው ነው፤ ተከላከለልኝ። ሥርዓቱ ያተረፈን የሚቀጣ ከሆነ ማንም አያተርፍም ነው የሚለው። ዋናው ኦዲተር ስለ ሰኔ ግዢ ሲናገር ምክር ቤቱ ይቆጣል፣ የተቆጣው ምክር ቤት ግን መሥሪያ ቤት ያልተጠቀመውን ብር ይዞ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲሻገር የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ አለማየቱን ጻፈ። አመሰገንኩት። ሆኖም 32ኛውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሲፈርም ያልተንቀጠቀጠ እጅ የእኔ ነው።

መልስ 34 ትናንት ማታ ገባ። አዲስ አባል ነው፤ ስም የለውም፣ ፎቶ የለውም፣ ሌላ የጻፈው የለም። መልሱ አንድ መስመር ናት። የተሰጠኝ ወረቀት መቶ ሳይሆን 120 እንደሆነ፣ ሁለቴ ተቆጥሮ እንደተሰጠኝና ፊርማዬም ከሥሩ እንዳለ ገልጾ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን የሞዴል 22 ኮፒ አውጥቼ አየሁ። 120 ይላል። ፊርማዬ አለበት።